ያጠብኩት ግድግዳ

ኦቦ ደበላ ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ሌሊሴ ናት። ሐሙስ ጠዋት ቡራዩ ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ቆሜ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮህ መጀመሪያ የማስበው ልጆቼን ነው። ቁጥሩ የሌሊሴ መሆኑን ሳይ ተረጋጋሁ። በመረጋጋቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

“የቤዛ እናት፣ አባዬ አረፈ” አለችኝ። “ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ንገሪልን።”

መሥሪያ ቤት እንደደረስኩ በቀጥታ ወደ ኃላፊያችን ወደ አቶ መክብብ ቢሮ ሄድኩ። በዕድሜ ታናሼ ስለሆነ እዚህ “እሱ” እያልኩ እጽፋለሁ እንጂ ፊት ለፊት “እርስዎ” ነው የምለው።

“ነፍስ ይማር” አለኝ። “የትኛው ደበላ?”

“የአዳራሹ።”

“እ… ያ ግድግዳ ላይ የሚጽፈው ሽማግሌ?”

ሠላሳ ዓመት ያን አዳራሽ የጠበቀ ሰው የቀረለት ስም ይኼ ሆነ። ይኼ ስም እንዲቀርለት ያደረግኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። አዳራሹ ታች ብዙ ረድፍ ወንበር፣ ላይ ሰገነት፣ ፊት ለፊት ሰፊ የእንጨት መድረክ አለው። ምረቃውም፣ ቲያትሩም፣ የባህል ቡድኑ ጭፈራም፣ የሞቱ መምህራን መታሰቢያም የሚደረገው እዚያው ነው። ኦቦ ደበላ ከሱሉልታ በወጣትነታቸው ለአናጢነት የመጡት አዳራሹ ሲሠራ ነው። የመድረኩን ሳንቃ ከመቱት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ሥራው ሲያልቅ ሌሎቹ መዶሻቸውን ይዘው ሄዱ፤ እሳቸው የአዳራሹ ጠባቂ ሆነው ቀሩ።

ረጅም ሰው ነበሩ፤ አንገታቸው ወደ ፊት ሰገድ ያለ፣ ከጆሯቸው ኋላ ሁልጊዜ ጠፍጣፋ የአናጢ እርሳስ የሚሰኩ። ጠዋት “አካም ቡልቴ?” ካሉ በኋላ ሌላው ወሬያቸው አማርኛ ነበር። በኦሮምኛ ከቀጠሉ ግን አንድ ነገር አናዷቸዋል ማለት ነው፤ ያኔ ሁላችንም መጥረጊያችንን ይዘን እንበተናለን።

ዝግጅት ባለ ቁጥር ሰው ከመግባቱ በፊት ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ መድረኩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ። ቀስ ብለው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ እንደሚያዳምጥ ሰው። ሲጥ ያለ ሳንቃ ካገኙ በጠመኔ ምልክት ያደርጉና መዶሻ ይዘው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ስቄባቸው፣

“ኦቦ፣ ማን ይሰማዋል?” አልኳቸው።

“ሳንቃው ከጮኸ ሕዝቡ የሚሰማው ሳንቃውን ነው። ተናጋሪው አራት ዓመት ተምሮ፣ ስድስት ገጽ ጽፎ መጥቶ፣ በእኔ ሚስማር ይዋረድ?”

ሥራ የጀመርኩ ቀን ከፊተኛው ረድፍ መጥረግ ስጀምር መጥተው መጥረጊያዬን ያዙት። “ተይ ኢንተላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “የፊቱን ሁሉም ያየዋል፣ ቢቆሽሽ ሁሉም ይቆጣሻል፣ ስለዚህ አትረሺውም። ሰው ከማያየው ጀምሪ።” ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴንም ስጠርግ ከአልጋ ሥር ነው የምጀምረው። ምክሩ ጥሩ ነበር። ጉዱን ያመጣውም እሱ ነው።

የምረቃ ቀን ኦቦ ደበላ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ለአንድ ተመራቂ ሁለት መጥሪያ ካርድ ነው የሚሰጠው፤ ከገጠር የሚመጣ ቤተሰብ ግን ካርድ ምን እንደሆነ አያውቅም። አንድ ዓመት ከሰበታ ወዲያ ካለ ገጠር አንድ አባት ሚስታቸውን፣ እናታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ። ጥበቃው ሁለት ብቻ ይግባ አለ። አባትየው ጃንጥላቸውን ይዘው ማን ይግባ ማን ይቅር እያሉ ቤተሰባቸውን ሲያዩ ኦቦ ደበላ ደርሰው፣ ከመድረኩ ኋላ ባለው የአናጢዎች በር በኩል ስድስቱንም አስገቧቸው።

“ቢያዩዎትስ?” አልኳቸው፤ እኔ ነኝ የፈራሁት።

“ቢያዩኝ ይቆጡኛል። ቁጣ ነገም አለ። የዚህ ልጅ ምረቃ ዛሬ ብቻ ነው።”

ከመድረኩ የመጨረሻ መጋረጃ ኋላ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ቁልፉ ከኦቦ ደበላ ቀበቶ ላይ አይወርድም፤ የሚጠርጉትም ራሳቸው ነበሩ። ስንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ እዚያ ገብቼ አላውቅም።

አንድ ሰኔ ላይ፣ ምረቃ ሊደርስ ሲል፣ ወንድማቸው ሞቶ ለሦስት ቀን ሱሉልታ ሄዱ። በዚያው ሳምንት ቀለም ቀቢዎች መጥተው የአዳራሹን በሮች ይቀቡ ነበር። አቶ መክብብ ትርፍ ቁልፍ ይዞ መጣና መተላለፊያውን ከፈተው።

“የክብር እንግዶቹ ዘንድሮ በዚህ በኩል ነው የሚገቡት። ይኼ ግድግዳ ምንድን ነው? እስከ ነገ ንጹሕ እንዲሆን።”

መብራቱን ሳበራ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ተጽፎበታል። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ በእኛው ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ። ጠጋ ብዬ ጥቂቱን አነበብኩ። “መብራት ጠፋ።” “ዝናብ ገባ።” “ሕፃን አለቀሰ፣ ሰው ሳቀ።” ተራቸውን የሚጠብቁ ተማሪዎች የጻፉት ጨዋታ መሰለኝ። ሰው ከማያየው ጀምሪ ተብዬ የለ? ባልዲና ሳሙና አመጣሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ እጄ እስከደረሰበት ድረስ አጠብኩት። ከዚያ በላይ መሰላል ይፈልግ ነበር፤ መሰላል ደግሞ ለጽዳት አይሰጥም። ሶኬቶቹ ጋ ስደርስ ውሃ እንዳይገባ ፈርቼ በዙሪያቸው አራት አራት ጣት ያህል ሳልነካ ተውኩ። ቤቴም እንዲሁ ነኝ፤ ልጆቼ በእርጥብ እጅ ማብሪያ እንዳይነኩ ስጮህ ነው የምውለው።

ጥሩ ሥራ ሠራሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ኦቦ ደበላ የተመለሱት ለሐዘን ተላጭተው፣ ጥቁር ነጠላ ለብሰው ነው። ወደ መተላለፊያው ገቡ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ባርኔጣቸው እጃቸው ላይ ነበር። አዳራሹ ውስጥ እኔና ሁለት ቀለም ቀቢዎች ነበርን።

“ማን አጠበው?” አሉ።

ቀለም ቀቢዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ አንድ ወንበር መወልወል ጀመርኩ። የተወለወለ ወንበር ነበር።

“ማን ነው ያጠበው? ሠላሳ ዓመት እኮ ነው!”

ያኔ ነው የገባኝ። ያ ጨዋታ የመሰለኝ ነገር፣ አዳራሹ ከተከፈተ ጀምሮ የተደረገው ሁሉ ነበር። ዝግጅት ባለቀ ቁጥር ኦቦ ደበላ እዚያ ገብተው ያን ቀን የሆነውን ሁለት ሦስት መስመር ይጽፋሉ። ወጣት እያሉ በመሰላል ከላይ ጀመሩ፤ ዓመቱ ሲሄድ ጽሑፉም ወደ ታች ወረደ። እኔ ያጠብኩት የቅርቦቹን ዓመታት ነው።

አፌን ልከፍት ነበር። አልከፈትኩም። የኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ፣ ቤዛ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትፈተን ነበር፣ አባቷ በሕይወት የለም። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ።

እሳቸው ቀለም ቀቢዎቹ ናቸው ብለው ወደ አቶ መክብብ ሄዱ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

“አባት፣ የመንግሥት ግድግዳ ላይ መጻፍ እኮ በራሱ ጥፋት ነው” አለ አቶ መክብብ። “ማን አጠበው ከማለት ማን ጻፈው ነው የሚባለው።”

“እኔ ነኝ የጻፍኩት! እኔ!” አሉ ኦቦ ደበላ። ቀጥሎ ያለው ኦሮምኛ ነበር።

ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጡረታ ወጡ። አበባም ንግግርም አልነበረም፤ “በኋላ እናዘጋጃለን” ተባለ። ለስንቱ ሰው መሸኛ ወንበር የደረደሩ ሰው በአናጢዎች በር ወጥተው ሄዱ። እኔም ጉንጫቸውን ስሜ ሸኘኋቸው፤ ያን ጊዜ እንኳ አልተናገርኩም።

ካቻምና አዳራሹ የተመሠረተበት በዓል ሊከበር ነው፣ ታሪኩ በመጽሔት ሊወጣ ነው ተባለ። አንዲት መምህርት ለዝግጅቱ ተመድባ መጣች። ቢሮ ለቢሮ ብትዞር የአዳራሹ ፋይል የለም፤ ዕቃ ሲዛወር ጠፍቷል። “የሚያውቅ ሰው እንዴት ይጠፋል?” ስትል አቶ መክብብ፣ “አንድ ሽማግሌ ነበር፣ አሁን የት እንዳለ እንጃ” አላት። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ፣ “እኔ አውቃለሁ፣ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ” አልኩ። ድምፄ ለራሴም ገረመኝ።

ቅዳሜ የጋዝ ሲሊንደሩን ሁለት ጊዜ መዘጋቱን አይቼ ከቡራዩ ወደ አስኮ፣ ከአስኮ ወደ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ወደ ሱሉልታ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ኦቦ ደበላ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አንድ የእንጨት ዱካ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱ ነበር። ከስተዋል፤ ሳል ጀምሯቸዋል። እርሳሱ ግን ከጆሯቸው ኋላ አለ።

ተቀምጬ ስለ መጽሔቱ ነገርኳቸው። ቀጥዬ፣ ዓይናቸውን ሳላይ፣

“ኦቦ፣ ግድግዳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ” አልኩ።

ዱካውን ማለስለሳቸውን አላቆሙም። “አውቃለሁ።”

“እንዴት?”

“ሶኬት የሚፈራ ቀለም ቀቢ አይቼ አላውቅማ! አራት ጣት፣ አራት ጣት እየለካሽ ትተሽዋል። በማግስቱ ተመልሼ ሳየው ገባኝ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ?”

“አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?”

“ልጆች አሉኝ።”

“እኔም ያንኑ አስቤ ነው።” ዱካውን መሬት አስቀምጠው ነቀነቁት፤ አልተንቀሳቀሰም። “አልተናደድኩም ግን አልልሽም። አንድ ክረምት ሙሉ ስምሽን አልጠራሁም። ሌሊሴ ‘የቤዛ እናት ደህና ናት?’ ስትለኝ ‘የማን እናት?’ እላት ነበር።”

አለቀስኩ። “በቃ፣ ተይ፣ ጎረቤት ሰደባት ይለኛል” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቅዳሜ ተመላለስኩ። ደብተር ገዝቼ የሚነግሩኝን እጽፋለሁ። ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ እጄ ዝግ ይላል፣ እሳቸው ደግሞ አይጠብቁም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በቃላቸው ይሉታል። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ነው፦ “ዛሬ መድረኩ አለቀ። ቆምኩበት። አልተንቀሳቀሰም።” የመጀመሪያው ቲያትር ላይ መብራት ጠፍቶ በሻማ መጨረሳቸውን፣ አንዲት እናት ሰገነቱ ላይ እልል ስትል ነጠላዋ ወርዶ ራሰ በራ መምህር ላይ ማረፉን፣ ሁሉንም። የቅርቦቹን ዓመታት ስጠይቃቸው ግን አፋቸው ተያዘ።

“ከዚያስ ኦቦ? ሰገነቱ ከታደሰ በኋላ?”

ግንባራቸውን አሹ። “ጠፋብኝ። ያው አንቺ ያጠብሽው ነው የጠፋው።”

ላይ ያለውን ግድግዳውም እሳቸውም ይዘውታል፤ ያጠብኩትን ማንም አልያዘውም።

“ምን ታይኛለሽ?” አሉኝ። “ያን ጊዜ አልነበርሽም እንዴ? አንቺ ጻፊዋ!”

“እኔ ምን አውቃለሁ?”

“ያ የሰበታ ሰውዬ ከእነጃንጥላው ስንት ሰው ይዞ መጣ?”

“ስድስት፣ ከራሳቸው ጋር።”

“በየት በር ገቡ?”

“በአናጢዎች በር።”

“አየሽ። ጻፊ።”

ጻፍኩ። ዝናብ በሰገነቱ ገብቶ የነርሶች ምረቃ በባልዲ መሃል የተደረገበትን፣ ረጅም ንግግር ላይ አንድ ሕፃን “እማዬ፣ አላለቀም?” ብሎ አዳራሹ የሳቀበትን። ስጽፈው ነው ማየቴን ያወቅኩት።

ደብተሩን ለመምህርቷ ሰጠኋት። በሳምንቱ መለሰችልኝ።

“በጣም ደስ ይላል፣ ግን ይኼ ትዝታ ነው። ሰነድ ያስፈልገናል” አለችኝ።

“ሰነዱን አጠብኩት” አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። “ከላይ ያለው ግን አሁንም አለ፣ ይምጡና ይዩት።”

“እመጣለሁ።” አልመጣችም። ሁለት ጊዜ አስታወስኳት፤ ሁለት ጊዜ “እሺ” አለችኝ። መሰላል እንዲሰጠኝና ራሴ እንድገለብጠው አቶ መክብብን ብጠይቀው፣ “ብትወድቂ ማን ይጠየቃል?” አለኝ።

መጽሔቱ ወጣ። ወረቀቱ ያብረቀርቃል። እነማን እንደመረቁት፣ እነማን እንደጎበኙት በፎቶ ተደርድሮ፣ ከሥሩ “አዳራሹ ዘርፈ ብዙ አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል” ይላል። ለኦቦ ደበላ ወሰድኩላቸው። አልጋ ላይ ነበሩ። ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

“ሳንቃውን ማን መታው ይላል?”

“አይልም።”

“ዝናቡስ?”

“የለም።”

ዘግተው መለሱልኝ። “እሺ። ላዩን ግን እንዳይነኩት። አንቺ አልደረስሽበትም፤ እነሱ መሰላል አላቸው።”

“አይነኩትም ኦቦ” አልኩ። በምን ሥልጣን እንደሆነ እንጃ።

ያች ሐሙስ የመጣችው ከዚያ ብዙም ሳትቆይ ነው። ለቀብሩ መኪና ይመደባል ተብሎ አልተመደበም፤ ብቻዬን ሄድኩ። ከቀብር መልስ ሌሊሴ ጠፍጣፋውን እርሳስ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። “ለቤዛ እናት ብሏል” አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት አዳራሹ ስገባ ቀለም ሸተተኝ። መተላለፊያው ተከፍቷል። ሲተላለፍ ለቆየው በዓል ሊቀባ ነው። አንድ ጎልማሳ ቀለም ቀቢ መሰላል ላይ ሆኖ ከግራ ጫፍ ጀምሯል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እርጥብ ነጭ ሆነዋል።

“ወንድሜ፣ ስለ እናትህ፣ አንድ ሰዓት ስጠኝ!”

“ለምኑ?”

“ላነበው።”

ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ። ምን እንደታየው አላውቅም፤ ወረደ። “እይዝልሻለሁ፣ ወደ ታች ግን አትይ” አለኝ።

ከፍታ እፈራለሁ። ልጆቼ አጥር ላይ ሲወጡ የምጮኸው እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ፣ በአንድ እጄ ግድግዳውን ይዤ፣ በሌላው ገለበጥኩ። የተቀባውን ኦቦ በቃላቸው ነግረውኛል፤ ደብተሬ ላይ አለ። የቀረውን ሰውዬው መሰላሉን እየገፋልኝ ጨረስኩት። ኦሮምኛውን ሳይገባኝ ፊደል በፊደል ገለበጥኩ፤ ሌሊሴ ታነብልኛለች። አንድ ቦታ ላይ፣ “ሁለት ሰው ያለ መጥሪያ ገባ። ያስገባሁት እኔ ነኝ” ይላል። ስንት ቦታ ላይ “እኔ ነኝ” ብለው እንደጻፉ። የተሰበረ ወንበር፣ የዘገየ መጋረጃ፣ ሁሉም ጋ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ግድግዳው ደርቆ ነጭ ሆኖ ነበር። ማንም ሳይመጣ ቁልፉን ወስጄ ገባሁ። እሳቸው ከላይ ነው የጀመሩት፤ እኔ እጄ ከሚደርስበት፣ ከሶኬቱ በላይ ጀመርኩ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ኦቦ ደበላ ዓርብ ሱሉልታ ተቀበሩ። መድረኩን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ከአዳራሹ የመጣ አንድ ሰው ነበር።”

ከሰዓት በኋላ አቶ መክብብ ሁላችንንም ጠራን። አዲስ የተቀጠረችው የጽዳት ልጅ ከአጠገቤ ቆማለች፤ ቁልፉን ጠዋት የወሰደችው እሷ ናት ተብሏል።

“ማን ነው የጻፈው?” አለ።

የሚወለወል ወንበር አጠገቤ ነበር።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

ደብዳቤውን እየጠበቅኩ ነው።